ዋጋዱጉ፦ ተመልካች የመሠረተው የፊልም ፌስቲቫል

የፊልም ፌስቲቫል ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ቀይ ምንጣፍ ነው። የካሜራ ብልጭታ፣ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ፣ በር ላይ የቆሙ ጠባቂዎች። እኔ የምወደው ፌስቲቫል ሌላ ነው። ሰው በሞተር ሳይክል ይመጣል። ጫማው ላይ ቀይ አቧራ ይዞ ይገባል። ገብቶም ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ከፊልሙ ጋር ያወራል። ስሙ ፌስፓኮ ነው። በሁለት ዓመት አንዴ፣ የካቲት ሲጋመስ፣ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ ይካሄዳል።

“የአፍሪካ ካን” ብለው የሚጠሩት አሉ። ለማክበር ብለው እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን አይዋጥልኝም። የፈረንሳዩ ካን በዋናነት የባለሙያዎች ፌስቲቫል ነው። ትልቁ አዳራሽ ለመግባት ግብዣ ወይም የሙያ ባጅ ይጠየቃል። ዋጋዱጉ ላይ ልብስ ሰፊውም፣ ነርሷም፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪውም ትኬት ቆርጦ ዳይሬክተሩ ጎን ይቀመጣል። በዚህ በኩል ከበርሊንና ከቶሮንቶ ጋር ይቀራረባል። ሁለቱም ለከተማቸው ሕዝብ በራቸውን የከፈቱ ናቸው። ቶሮንቶ ዋና ሽልማቱን የሚሰጠው በተመልካች ድምፅ ነው። በርሊንም ከ1952 እስከ 1955 አሸናፊዎቹን የመረጡት ተመልካቾች ነበሩ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የዋጋዱጉ ግን ከነዚህም ይለያል። እዚያ ተመልካቹ በኋላ የተጋበዘ እንግዳ አይደለም። ቤቱን የሠራው እሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1969 ነው። አገሪቱ ያን ጊዜ ላይኛው ቮልታ ትባል ነበር። ዋጋዱጉ ውስጥ በፈረንሳይና ቮልታ የባህል ማዕከል ዙሪያ የሚሰባሰቡ ፊልም ወዳጆች ነበሩ። ፊልም አይተው ቁጭ ብለው የሚወያዩ የሲኒማ ክለብ ሰዎች። አንድ ነገር ይከነክናቸው ነበር። አፍሪካውያን ፊልም መሥራት ጀምረዋል። ፊልሞቹ ግን የሚታዩት አውሮፓ ነው። የተሠሩላቸው ሰዎች አያዩዋቸውም። ስለዚህ ራሳቸው አንድ የአፍሪካ ፊልም ሳምንት አዘጋጁ። የአዘጋጅ ኮሚቴውን በሊቀመንበርነት የመሩት አሊማታ ሳላምቤሬ ናቸው። ያን ጊዜ ወጣት የቴሌቪዥን ባለሙያ ነበሩ። በኋላ የባህል ሚኒስትር እስከመሆን ደርሰዋል።

ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ቀላል ይመስላል። ቀላል አልነበረም። ፈረንሳይ በ1934 ባወጣችው ደንብ በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ፊልም ለማንሳት ከቅኝ ገዢው መንግሥት ፈቃድ ማግኘት ግድ ነበር። አፍሪካዊ ካሜራ ይዞ የገዛ ሰፈሩን እንዳይቀርጽ የተዘጋ በር ነበር ማለት ነው። ነፃነት ከመጣ በኋላም ሲኒማ ቤቶቹ የራስ አልሆኑም። በምዕራብ አፍሪካ የፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች የፊልም ማከፋፈሉን ሥራ የያዙት ሁለት የፈረንሳይ ኩባንያዎች ነበሩ። መጋረጃው ላይ ካውቦይ አለ፣ የሕንድ ፊልም አለ፣ የፈረንሳይ ፖሊስ አለ። የአገሬው፣ የሞሲ ብሔረሰብ ገበሬ የለም።

ቀጥሎ የሆነው ሁሌም ይገርመኛል። የትኬት ዋጋ ላይ ጠብ ተነሳ። ኩባንያዎቹ ዋጋ ጨመሩ፣ መንግሥት አልቀበልም አለ። በ1970 መጀመሪያ ላይ ላይኛው ቮልታ ሲኒማ ቤቶቹን ወረሰች። ኩባንያዎቹ ፊልም መላክ አቆሙ። ያቺ ድሃ የምትባል፣ ባሕር የሌላት ትንሽ አገር ግን አልተመለሰችም። የራሷን ማከፋፈያ አቋቋመች። እስቲ አስቡት፣ ሲኒማ ቤቷን ለማስመለስ የተጣላች አገር። ፌስቲቫሉ የበቀለው እዚህ አፈር ላይ ነው። በ1972 የዛሬ ስሙንና ውድድሩን አገኘ። ከ1979 ጀምሮ ደግሞ በጎደሎ ዓመታት፣ በሁለት ዓመት አንዴ መካሄዱ ጸና።

ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ተፈራርቋል። መፈንቅለ መንግሥት ነበር፣ አብዮት ነበር። የአብዮቱ መሪ ቶማስ ሳንካራ ከ1983 ጀምሮ ሥልጣን ላይ በነበሩበት ጊዜ ፌስቲቫሉን የአገር ጉዳይ አደረጉት። በ1985 ከየአገሩ የመጡ ፊልም ሠሪዎች ከከተማው ሰው ጋር ወርደው የባቡር ሐዲድ አንጥፈዋል። በጥቅምት 1987 ሳንካራ ተገደሉ። አንዳንድ ፊልም ሠሪዎች ከዚያ በኋላ በሐዘንና በቁጣ ቀሩ። ፌስቲቫሉ ግን ቀጠለ።

አሁን ወደ አዳራሹ ልግባ። እኔ የሚያጓጓኝ እሱ ነው።

የዋጋዱጉ ሰው የሚወዳቸው ትልልቅ ሲኒማ ቤቶች አሉ። ሲኔ ቡርኪና አንዱ ነው፣ ኔርዋያ ሌላው። በፌስቲቫሉ ሰሞን ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ መንገድ ይይዛል። ባጅ ያንጠለጠለው በአንድ በኩል፣ ትኬት የቆረጠው በሌላ በኩል። ሙቀቱ ከባድ ነው። ከበረሃ የሚነሳው ነፋስ አቧራ ያመጣል። ሰው ግን ሰልፉ ላይ አይሰለችም፣ ምክንያቱም ፌስቲቫሉ እዚያው ተጀምሯል። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ “እንዴት ነሽ?” ከማለታቸው በፊት “ምን አየሽ?” ይባባላሉ። መልሱም አጭር አይደለም። የማላውቀው ሰው ሰልፍ ላይ ዞር ብሎ የትናንቱን ፊልም መጨረሻው ለምን እንዳበላሸው ሲያስረዳኝ፣ ሳላስበው በሩ ጋ እንደርሳለን።

መብራት ሲጠፋ ጸጥ ይላል ብላችሁ አትጠብቁ። ሰዉ ያወራል። ጀግናው ወደ ወጥመድ ሲሄድ “ተመለስ!” ይሉታል። የሚያውቁት መንገድ መጋረጃው ላይ ሲመጣ ያጨበጭባሉ። ነገረኛዋ አማት ስትገባ ገና አፏን ሳትከፍት ይስቃሉ። በተለይ አንድ ነገር እወዳለሁ። ፊልሙ በሞሬ፣ በሞሲዎች ቋንቋ፣ ሲሆን ሳቁ ሁለት ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ ሞሬ የሚሰሙት ይፈነዳሉ። ትንሽ ቆይቶ የፈረንሳይኛውን የግርጌ ጽሑፍ ያነበቡት ይከተላሉ። የመጀመሪያዎቹ ደግሞ የኋለኞቹን ሲሰሙ እንደገና ይስቃሉ። አዳራሹ ቀውጢ ይሆናል። ከባድ ትዕይንት ሲመጣ ግን ያው ሕዝብ ትንፋሹን ይውጣል። ማንም “ዝም በሉ” ብሎት አይደለም። ፊልሙ ዝም ስላሰኘው ነው።

ይህን የማይወዱ አሉ። ፊልም በጸጥታ ካልታየ ክብር የለውም የሚሉ። አከብራቸዋለሁ፣ ግን አልስማማም። ጸጥታ አንድ የማክበሪያ መንገድ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። አዝማሪ ፊት ተቀምጦ ዝም የሚል ሰው አለ? ግጥም ይቀበለዋል፣ ያቀብለዋል፣ “ይበል!” ይለዋል። የዋጋዱጉ ተመልካች ፊልምን የሚቀበለው እንዲህ ነው። ለዳይሬክተሩም ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም። የፊልም ገምጋሚ ጽሑፍ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልገውም። የቱ ጋ አዳራሹ እንደቀዘቀዘ፣ የቱ ጋ ሰው ስልኩን እንዳወጣ እዚያው ተቀምጦ ያየዋል።

ሲኒማ ቤቶቹ ደጅ ሞተር ሳይክል የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ዋጋዱጉ የሞተር ከተማ ነች። ተማሪውም፣ ሴት ወይዘሮዋም፣ የቢሮ ሠራተኛውም በሞተር ነው የሚሄደው። ስለዚህ የአንድ ትልቅ ፊልም ምሽት ማለት ደጁ ላይ በረድፍ የተደረደረ የሞተር ባሕር ማለት ነው። ልጆቹ ፊልሙን አያዩም። ግን ፍርዱን ከሁሉም ቀድመው ያውቃሉ። አንዱን ምሽት ከአዳራሽ ወጥቼ “የዛሬው እንዴት ነው?” አልኩት አንዱን ጠባቂ።

“ጥሩ ሳይሆን አይቀርም” አለኝ። “ከወጡ ቆይተዋል፣ እስካሁን ሞተሩን የጠየቀኝ የለም።”

እውነቱን ነው። መጥፎ ፊልም ሲሆን ሰው በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ጥሩ ሲሆን፣ ወይም ደግሞ የሚያናድድ ሲሆን፣ እዚያው ደጁ ላይ ክብ ክብ ሠርቶ ይቆማል።

ክቡ ከዚያ ወደ ማኪ ይሄዳል። ማኪ የሚሏቸው ደጅ ላይ ወንበርና ጠረጴዛ የደረደሩ ምግብና መጠጥ ቤቶች ናቸው። የተጠበሰ ዶሮና ዓሣ፣ ቀዝቃዛ ቢራ፣ ጮክ ያለ ሙዚቃ። ከሙዚቃው በላይ የሚጮህ ክርክር። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የአቢጃን ጋዜጠኛ፣ የኒያሜ ተማሪ፣ የከተማው ነጋዴ አንድ ላይ ታገኛላችሁ። በየሁለት ዓመቱ ብቻ የሚገናኙ ወዳጆች አሉ። እኔም የዚያ ማኅበር አባል ነኝ ብዬ ነው የማስበው። መታወቂያ የለውም፣ መዋጮ የለውም። ፊልም አይቶ ሐሳብ ያለው ሁሉ ገብቷል።

እዚያ የሰማኋትን አንዲት አስተማሪ አልረሳትም። ከቦቦ ዲዩላሶ የመጣች ናት። የተወዳደረ አንድ ፊልም ላይ እያወራን ነበር። ቀረጻው የሚያምር፣ ሁሉም የሚያደንቀው ፊልም ነው። እሷ ብቻ ፊቷን አጠቆረች። “የመንደሩ ሽማግሌዎች ሁሉም የሚያውቁትን ልማድ እርስ በርሳቸው ያስረዳሉ” አለች። “ለማን ነው የሚያስረዱት? እነሱ ያውቁታል። እኛ እናውቀዋለን። ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ አለ ማለት ነው።” ጠረጴዛው ዝም አለ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ማውራት ጀመረ።

ይህ ክርክር የፌስፓኮ የዘወትር ክርክር ነው። ብዙ የአፍሪካ ፊልም የሚሠራው በአውሮፓ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ባይኖር ፊልሙ አይኖርም። ገንዘቡ ሲኖር ደግሞ አንዳንዴ የማይታይ እንግዳ ይዞ ይመጣል። ዳይሬክተሩ ሳያውቀው ለእንግዳው ማስረዳት ይጀምራል። ይህን ቶሎ የሚለየው የፊልም ምሁር ይመስለን ይሆናል። አይደለም። የሚለየው ያ ሕይወት የራሱ የሆነ ተመልካች ነው። ሌላ ቦታ የአፍሪካ ፊልም ስለ አፍሪካ ለማያውቅ ሰው ይቀርባል። ዋጋዱጉ ላይ ለሚያውቅ ሰው ይቀርባል። ለዚህ ነው እዚያ መሸነፍም ማሸነፍም የሚከብደው።

እኛን በቀጥታ የሚነካ ታሪክም አለ። በ2009፣ ፌስቲቫሉ 40 ዓመት በሞላው ጊዜ፣ ትልቁን ሽልማት የወሰደው የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ “ጤዛ” ነው። ፊልሙ ከዚያ በፊት በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት አግኝቷል። ቬኒስ ትልቅ ነው። ለእኔ ግን የዋጋዱጉ ይበልጣል፣ ምክንያቱን እዚያው ነው የተረዳሁት። ከአንድ የከተማው አዛውንት ጋር ስናወራ ኢትዮጵያዊት መሆኔን ነገርኳቸው። ወዲያው “አንበርብር!” አሉኝ። ጤዛን በዚያ ዓመት አዳራሽ ውስጥ አይተውታል። ጀርመን ተምሮ፣ አገሬን አገለግላለሁ ብሎ ተመልሶ፣ የደርግ ጊዜ የጠበቀውን ሰው ታሪክ ቁጭ ብለው መልሰው ነገሩኝ።

“እንዴት እንዲህ ያስታውሱታል?” አልኳቸው።

“ልጄ፣ እኛም አገር ያ ሰው አለ” አሉኝ። “ስሙ ብቻ ነው ሌላ።”

ከዚያ የራሳቸውን ወንድም ታሪክ ቀጠሉ። ውጭ ተምሮ የተመለሰ፣ በአብዮቱ ጊዜ ተስፋ የሰነቀ፣ በኋላ የተሰበረ። እኔ ጤዛን የኛ ቁስል ብቻ አድርጌ ነበር የያዝኩት። የጎንደር ዜማ ያለበት፣ የአማርኛ ቅኔ ያለበት የኛ ጉዳይ። እሳቸው አንድም የአማርኛ ቃል ሳያውቁ የራሳቸውን ወንድም አገኙበት። ያን ምሽት ከሳቸው ጋር ብዙ ተቀመጥን። እኔ ስለ ሳንካራ ጠየቅኳቸው፣ እሳቸው ስለ ደርግ ጠየቁኝ። ሁለታችንም አንዳንዱን መመለስ አቃተን።

ከጤዛ በኋላ በ2019 ሩዋንዳዊው ጆኤል ካሬኬዚ፣ በ2021 ደግሞ ሶማሌው ካዳር አይደሩስ አሕመድ ያንን ሽልማት ወስደዋል። የ2021ዱ ፊልም ጅቡቲ ውስጥ በሶማሊኛ የተቀረጸ ነው። ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ፊልም ተስፋ የሚቆርጥ ጓደኛ ሲገጥመኝ ይህን እነግረዋለሁ።

ስለ ሽልማቱ ካነሳሁ አንድ የሚቆጨኝን ነገር ልናገር። ስሙ የየኔንጋ ፈረስ ነው። የኔንጋ በሞሲዎች አፈ ታሪክ ፈረስ ጋልባ ጦር የምትወረውር ልዕልት ናት። አባቷ ለጦርነት ስለሚፈልጋት አልድርም ይላል። እሷ በፈረሷ አመለጠች፣ ጫካ ውስጥ አንድ አዳኝ አገኘች፣ የወለዱት ልጅ የሞሲ ነገሥታት አባት ሆነ ይባላል። ለአሸናፊው የሚሰጠው ሐውልትም እሷን ፈረሷ ላይ እንደተቀመጠች ነው የሚያሳየው። ታዲያ ውድድሩ ከተጀመረበት ከ1972 እስከ 2025 ድረስ ያንን የወርቅ ፈረስ አንዲት ሴት ዳይሬክተር አልወሰደችም። አንዲትም። በ2023 የቡርኪናዋ አፖሊን ትራኦሬ ቀርባ ነበር። “ሲራ” በተባለው ፊልሟ የብር ፈረሱን፣ ማለትም ሁለተኛውን ሽልማት፣ ወሰደች። አዳራሽ ውስጥ ከተሰለፈው ሰው ስንቱ ሴት እንደሆነ ያየ ሰው ይህን ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ፌስቲቫሉን የመሩት የመጀመሪያዋ ሰው ሴት ናቸው። የሽልማቱ ስም የሴት ነው። የቀረው ሽልማቱ ራሱ ነው። ይህን የምለው ስለምወደው ነው፣ የምወደውን ነገር ደግሞ ሙሉ ሆኖ ማየት እፈልጋለሁ።

ሌላም ረጅም ጊዜ የቆየ ችግር ነበር። እስከ 2015 ድረስ ለትልቁ ሽልማት ለመወዳደር ፊልሙ በ35 ሚሊሜትር ሴሉሎይድ፣ በድሮው የፊልም ጥቅል፣ መቅረብ ነበረበት። ወጣቱ ሁሉ በዲጂታል ካሜራ መቅረጽ ከጀመረ ስንት ጊዜው! አንድን ዲጂታል ፊልም ወደ ሴሉሎይድ ማዛወር ብዙ ወጪ ነው፣ ላቦራቶሪውም ያለው አውሮፓ ነው። ደንቡ ሲነሳ በሩ ሰፋ። ይህ ቀድሞ መሆን ነበረበት ባይ ነኝ።

የቅርብ ዓመታቱ ከባድ ናቸው። ቡርኪና ፋሶ የታጣቂዎች ጥቃት ያደማት አገር ሆናለች። በ2022 ብቻ ሁለት መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደባት። የኮሮናው ወረርሽኝም የ2021ዱን ፌስቲቫል ወደ ጥቅምት ገፍቶት ነበር። ያም ሆኖ በ2023 ተካሄደ፣ በ2025 ተካሄደ። በር ላይ ፍተሻ አለ፣ ወታደር አለ። ሰልፉም አለ። አንዳንዱ “በዚህ ጊዜ ፊልም ምን ይሠራል?” ይላል። ከየመንደሩ የተፈናቀለ ሰው ባለበት አገር ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ትኬት የቆረጡትን ስጠይቅ ግን ያገኘሁት መልስ ተመሳሳይ ነው። ቤት ተቀምጠው ከሚፈሩ አብረው ተቀምጠው ቢያዩ ይሻላቸዋል።

የ2025ቱ 29ኛው ነበር። ሐዘን ይዞ ነው የጀመረው። የዳኞች ሰብሳቢ እንዲሆኑ የተመረጡት ማሊያዊው ሱሌማን ሲሴ መክፈቻው ሦስት ቀን ሲቀረው ባማኮ ውስጥ አረፉ። ሲሴ የወርቁን ፈረስ ሁለት ጊዜ፣ በ1979 እና በ1983 የወሰዱ ናቸው። ከሳቸው ሌላ ሁለት ጊዜ ያሸነፈው ሴኔጋላዊ ዝርያ ያለው አላን ጎሚስ ብቻ ነው። ዋጋዱጉ ላይ ለሞቱ ፊልም ሠሪዎች የሚደረግ ሥርዓት አለ። የሲኒማ ሰዎች አደባባይ በሚባለው ቦታ፣ የፊልም መሣሪያ ቅርጽ ባለው ሐውልት ዙሪያ፣ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዞራሉ፣ ለሙታን መታሰቢያ መሬት ላይ ጽዋ ያፈሳሉ። ዝነኛ ዳይሬክተርና ስሙ ያልታወቀ ተመልካች እጅ ለእጅ ይያያዛሉ።

በመጨረሻም የዚያ ዓመት የወርቅ ፈረስ ለዳኒ ኩያቴ ሆነ። ቡርኪናዊ ነው። ፊልሙ የሼክስፒርን ተውኔት “ማክቤዝ”ን ወስዶ ወደ አፍሪካ ያመጣ፣ በሞሬ ቋንቋ የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ጋስቶን ካቦሬ በ1997 ካሸነፉ ወዲህ ሽልማቱ አገር ውስጥ ሲቀር የመጀመሪያው ነው። 28 ዓመት ማለት ነው! ሰዉ ከጠበቀው በላይ ነው የተደሰተው። ክርክሩ ግን አልቀረም። ወዳጆቼ ለሁለት ተከፍለዋል። አንዱ ወገን ሥልጣን ስለሚያሰክረው ሰው የሚያወራ ፊልም፣ በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ከተማ ማሸነፉ ትልቅ ነገር ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ዳኞቹ የአገር ልጅ ስሜት ወስዷቸዋል ባይ ነው። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ። ጥቁርና ነጭ ቀለሙ ለጌጥ የገባ አይመስለኝም፣ ቤተ መንግሥቱን ዘመን የሌለው ያደርገዋል። ማንም “ይህ ስለ እኔ ነው” ወይም “ስለ እኔ አይደለም” ብሎ እንዳያመልጥ።

ቀጣዩ፣ 30ኛው፣ በ2027 ነው። ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልምከር። ባጅ ቢኖራችሁም አንዳንዱን ፊልም ትኬት ቆርጣችሁ፣ ከተራው ሰው ጋር ተሰልፋችሁ እዩ። በሞሬ ወይም በሌላው የአገሬው ቋንቋ በዲዩላ የተሠራ ፊልም ካለ እሱን አስቀድሙ። ዋናው ውድድር ላይ ብቻም አትቅሩ። የፊልም ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚወዳደሩበት ክፍል አለ፣ እኔ መጀመሪያ የምሄደው እዚያ ነው። ጓደኞቻቸው፣ እናቶቻቸው፣ መምህሮቻቸው ተሰብስበው ይመጣሉ። አጭር ፊልም ያልቃል፣ መብራት ይበራል፣ ልጁ ወይም ልጅቷ ማይክ ይዘው ይቆማሉ። ከኋላ ረድፍ አንድ የማያውቋቸው ሰው እጃቸውን አውጥተው “ለምንድነው እናትየዋን ቶሎ የገደልሻት?” ይሏታል። እሷም መመለስ አለባት።